ስለ ዋጋና ስለ ልክ፤ በሁሩታ የአጨዳ መኪናዎች ምክንያት

በአርሲ ዞን፥ ከጭላሎ ተራራ በስተሰሜን የምትገኘውና የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሁሩታ የስንዴ አገር ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት የደረሰው ስንዴ በማሳው ላይ ነጥቶ ቆሞ አጫጁን ይጠብቃል፤ አጫጁም ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ማጭድ የያዘ ደቦ መሆኑ ቀርቶ ኮምባይነር የሚባለው መኪና ሆኗል። መኪናው ብዙ ጊዜ የገበሬው አይደለም፤ ባለቤቱ ከማሳ ወደ ማሳ፥ ከወረዳ ወደ ወረዳ እያዞረ፥ ባጨደውና በወቃው ኩንታል ቍጥር ዋጋውን ይቀበላል። መኪናው ዓመቱን ሙሉ ቆሞ፥ እንጀራውን የሚያገኘው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ገበሬውም በበኩሉ ብዙ ቀን የለውም፤ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናም ቢመጣ የደረሰው ስንዴ በዛላው ላይ ይበቅላል፥ ነፋስም ቢበረታ ፍሬው ይረግፋል።

በእንዲህ ያለ ወራት የመውቂያው ከበሮ የሚዞርበት ዘንግ ተበልቶ መኪናው ቢቆም፥ ባለቤቱ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ከፋብሪካ የመጣ አዲስ መለዋወጫ መግዛት ነው። ሁለተኛው የተበላውን ዘንግ ይዞ ወደ አዳማ ወርዶ፥ ዋጋው ዝቅ ካለው ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው። ሦስተኛው ዋጋው ከፍ ካለ፥ ነገር ግን መለኪያውና ብረቱ ከታመነ ሠራተኛ ዘንድ መሄድ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጠቧል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ አስቀድሞ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኖ፥ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው ከፍ አለ። እንግዲህ ብዙውን ሰው የሚያሳስበው ምርጫ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ነው።

ቶርኖ የሚለው ቃል ከኢጣልያን ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ኩሽኔታ፥ ብሎን፥ ቺንጊያ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ልኩ ግን ሁልጊዜ ከቃሉ ጋራ አብሮ አይመጣም። የመኪና እርሻ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1967 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በስዊድን መንግሥት ርዳታ፥ መቀመጫውን በአሰላ አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (በምኅጻረ ቃል ካዱ) በዚህ ምድር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን አስፋፋ። በዚያው ዘመን ትራክተርና ኮምባይነር በባለርስቶች መሬት ላይ እየበዛ ሄዶ፥ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት እስከ መፈናቀል ደርሰዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ሆነ እዚህ አይዘረዘርም። በደርግ ዘመንም በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተተከለ። መኪናው ከገባ እንግዲህ ሁለት ትውልድ አልፏል፤ የመኪናውን ልክ የመጠበቅ ልማድ ግን ገና አልጠነከረም።

ልክ ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ዘንግ ማስረዳት ይቻላል። ዘንጉ በሁለቱ ጫፎቹ ኩሽኔታ ላይ ተቀምጦ ይዞራል፤ ለስንዴ የሚሠራ የመውቂያ ከበሮ በደቂቃ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል። ኩሽኔታው የሚገባበት የዘንጉ ክፍል ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ቢሆን፥ ለእንዲህ ያለ ሥራ የታወቀው የዓለም መለኪያ የሚፈቅደው ልዩነት ከ40 ሚሊሜትር በላይ ከ2 ማይክሮን እስከ 18 ማይክሮን ብቻ ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር ሺኛ ክፍል ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ስለሚደርስ፥ የተፈቀደው ስፍራ ከአንድ ጠጕር ሲሶ እንኳ ያንሳል። ዘንጉ ከዚህ ልክ ቢቀጥን ኩሽኔታው በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ያሞቀዋል፥ ይበላዋልም። ቢወፍር ደግሞ የኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት ይለጠጥና፥ ለኳሶቹ የተተወው ክፍተት ጠፍቶ ግሎ ይቆማል። ሁለቱም ጥፋት በዓይን አይታይም፤ ዘንጉ ከቶርኖ ሲወጣ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በማሳው መካከል ነው።

ከዚህም የሚብስ አንድ ነገር አለ። ባለ መኪናው ለአብነት ብሎ ይዞት የሚሄደው ዘንግ አስቀድሞ የተበላ ነው፤ ሠራተኛው የተበላውን ለክቶ እንደዚያው አድርጎ ቢቀርጽ፥ አዲሱ ዘንግ ከተወለደ ጀምሮ አሮጌ ነው። ለዚህ ጥፋት ርካሹን ቶርኖ ቤት መውቀስ አይገባም፤ ልኩን ሳይነግር ያሠራው ሰው ነው።

ልክን የሚጠብቅ መለኪያ በዓለም ላይ የተስፋፋው በቅርብ ዘመን ነው። ካርል ኤድቫርድ ዮሃንሶን የሚባል ስዊድናዊ፥ በኤስኪልስቱና ከተማ በመንግሥት ጠመንጃ ፋብሪካ ሲሠራ፥ በ1896 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ልካቸው የታወቀ 102 ጥርብ ብረቶችን እየለዋወጡ በማጋጠም ብዙ ሺህ ልክ ማውጣት የሚቻልበትን ዘዴ አሰበ፤ በ1923ም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከፎርድ ኩባንያ ጋራ ሠራ። የመኪና ክፍል ሁሉ በአንድ አገር ተሠርቶ በሌላ አገር ያለ ሞረድ የሚገጥመው እንደዚህ ባሉ መለኪያዎች ነው።

የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። የብራናው ስብ በሚገባ ካልተፋቀ ቀለሙ አይዝም፤ መስመሩም በወስፌ ተወግቶ ካልተሰመረ ዓምዱ ይዛባል። ብራናውን በርካሽ የገዛ ሰው፥ ቀለሙ በተነሣ ጊዜ የሚያጣው የብራናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ላይ የፈሰሰው የጸሐፊው የወራት ድካም አብሮ ይሄዳል። ዘንግም እንዲሁ ነው፤ በላዩ ላይ መኪናው፥ በመኪናውም ላይ የማሳው ስንዴ አለ።

ነገሩን በቍጥር ለማየት፥ ለስሌት ያህል ብቻ፥ ርካሹ ዘንግ 6,000 ብር፥ ውዱ 14,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 8,000 ብር ነው፤ ይህም ለአንድ ባለ መኪና ቀላል ገንዘብ አይደለም። መኪናው በቀን 200 ኩንታል የሚወቃ፥ በኩንታልም 150 ብር የሚቀበል ቢሆን፥ የአንድ ቀን ገቢው 30,000 ብር ነው። በቆመበት ቀን ነዳጅ ስለማያቃጥልና አንዳንዱም ወጪ ስለሚቀርለት ግማሹን ብንቀንስ እንኳ 15,000 ብር ይጐድልበታል። እንግዲህ ርካሹ ዘንግ በወራቱ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ቢያቆመው፥ የተረፈውን 8,000 ብር በልቶ ሌላ 7,000 ብር ይጨምርበታል። ኩሽኔታው አብሮ ከነደደ፥ ወይም ዘንጉ ተሰብሮ ከበሮውን ከመታ፥ ሒሳቡ ሌላ ነው። የገበሬው የረገፈ ስንዴ ደግሞ በማንም ደብተር ላይ አይጻፍም።

ይህን ያየ ሰው ሁልጊዜ ውዱን መምረጥ ይገባል ብሎ እንዳይፈርድ ያስፈልጋል። የቺንጊያ መሸፈኛ፥ የመሰላል ማቀፊያ፥ የዘይት ጣሳ ማስቀመጫ፥ እነዚህ ሁሉ አንድ ሚሊሜትር ቢስቱ ማንንም አይጐዱም፤ በማይክሮን እንዲሠሩ የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ልክ በጠበበ ቍጥር የሥራው ሰዓትና የሚጣለው ብረት ይበዛልና፥ ዋጋውም ከልኩ ይልቅ ፈጥኖ ይወጣል። በአንዱ ዘንግ ላይ እንኳ ጥብቅ ልክ የሚያስፈልገው ኩሽኔታውና ጥርሱ በሚቀመጡበት ስፍራ ነው፤ የቀረው ክፍል ሻካራ ቢሆን አይከፋም። ይህን ለይቶ የሚነግር አሠሪ ከውዱ ቤት በመጠነኛ ዋጋ ሊያሠራ ይችላል፤ ሳይለይ የሚነግር ግን ከርካሹም ቤት ተጐድቶ ይወጣል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ለውሃ ፓምፕ፥ ለወፍጮ፥ ለመንገድ መሥሪያ መኪና እንዲህ ያለ ዕቃ በጨረታ ያሠራሉ። በፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 649/2001 የጨረታ አሸናፊ የሚለየው በሁለት መንገድ ነበር፤ ይኸውም የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በግምገማ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው፥ ወይም በጨረታው ሰነድ አስቀድሞ ከተገለጸ የተሻለ የኢኮኖሚ ጠቀሜታ ያለው ነው። ያ አዋጅ በአዋጅ ቍጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ የክልል መሥሪያ ቤቶችም በየክልላቸው ሕግ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ማናቸውም ሕግ ያልተጻፈ መስፈርት ሊያስከብር አይችልም። «ለፓምፕ የሚሆን አንድ ዘንግ» ብሎ ጨረታ ያወጣ ሹም፥ የብረቱን ዓይነትና የጥንካሬውን ደረጃ፥ የሚፈቀደውንም ልዩነት ካልጻፈ፥ በፊቱ የቀረቡት ዋጋዎች የአንድ ዕቃ ዋጋዎች አይደሉም፤ አንዱ ለስላሳ ብረት፥ ሌላው በእሳት የጠነከረ አረብ ብረት እያሰበ የጻፋቸው ናቸው። ኦዲተር መጥቶ ርካሹን ስለ ምን ተዉት ብሎ ሲጠይቅም፥ የተጻፈ ነገር ከሌለ ሹሙ መልስ የለውም፤ ብዙዎች ርካሹን የሚመርጡት ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው።

የሠሪው ልምድም ከዋጋው ጋራ ይመዘናል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፥ የአዳማውን የእርሻ መሣሪያዎች ፋብሪካ ጨምሮ ብዙ ፋብሪካዎችን ይዞ፥ ከዚያ አስቀድሞ በዚያ መጠን ያልሠራውን የታላቁን የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተቀበለ። ሥራው ስለ ዘገየ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ውሉ እንደ ተነሣበት ተነገረ፤ ሥራው ለሌሎች ተሰጥቶ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ባለሙያ የሚበስለው ከትንሽ ሥራ ወደ ትልቅ እየተሸጋገረ ነው፤ በድሬዳዋ ያለው የምድር ባቡር ጋራዥ ለብዙ ዓመታት የባቡሩን መለዋወጫ በራሱ ቶርኖዎች እየሠራ ሠራተኞችን ያፈራው እንዲሁ ነበር።

ከሁሩታ ወደ አዳማ የሚወርድ ባለ መኪና ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጕብኝት ሊመረምር ይችላል። በቶርኖ ቤቱ ማይክሮሜትር አለ ወይስ ካሊፐር ብቻ? ማይክሮሜትሩ በአዲስ አበባ ባለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ በታመነ ስፍራ የተፈተነው መቼ ነው? ብረቱ ከየት ተገዛ፥ ወይስ ከአሮጌ መኪና የተቈረጠ ነው? ሠራተኛው የኩሽኔታውን ቍጥር ጠይቆ ልኩን ከመዝገብ ይፈልጋል፥ ወይስ የተበላውን ዘንግ ብቻ ይለካል? ዘንጉ ቢበላሽ መልሶ ይሠራዋል? ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ በር ላይ ከተለጠፈው ዋጋ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ጕብኝቱም በሐምሌና በነሐሴ፥ መኪናው ሥራ ፈትቶ በቆመበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ በኅዳር «ለነገ ጧት» ተብሎ የሚጠየቀው ዋጋ በነሐሴ ከሚጠየቀው ጋራ አይተካከልም፥ ቶርኖ ሠራተኛውም በነሐሴ አንዱን ዘንግ ሁለት ጊዜ ለመለካት ጊዜ አለው።