ብሩ ሳይገባ የተጫነ ካርቶን

በቴሌግራም የዕቃ ፎቶ ለጥፎ መሸጥ የጀመረ የመርካቶ ነጋዴ የሚፈራው ገበያ ማጣትን ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን ገዥም ጭምር እንጂ። ክፍለ ሀገር ያለው ደንበኛ የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ይልክና «አውቶቡሱ ሳይወጣ ጫንልኝ» ሲል ያጣድፋል። ፎቶው ግን በስልክ የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል። አንድ ካርቶን ጫማ በዚህ መንገድ ከሄደ የጀማሪው የወር ትርፍ አብሮ ሄደ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ገንዘብ ሲገባ በ127 መልእክት ይልካል፤ ይህም ቢሆን የራስን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪውን ማየትን አይተካም። ለአውቶቡስ ረዳት ተሰጥቶ የሚላክ ዕቃ ቶሎ ይደርሳል፤ ሲጠፋ ግን ማን ይጠየቃል? ለአዲስ ገዥ፣ ዘግየት ቢልም፣ በፖስታ ቤት በደረሰኝ መላክ ያዋጣል።