በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትና የመጠጥ ውኃችን

ከአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «የቧንቧው ውኃ ሲፈላ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ምእመናኑም ይህ በሆዳችን ጠጠር ይሆናል እያሉ ቦኖውን ትተው ወደ ቀድሞው ምንጭ ይመለሳሉ፤ ምን እንበላቸው?» የሚል ነው። ነገሩ የቤት ዕቃ ጉዳይ ቢመስልም የሕፃናት ጤና አለበት። ከተጠበቀ ጉድጓድ የመጣ ውኃ ተንቆ ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ሲቀዳ ተቅማጥና ሌሎች ውኃ ወለድ በሽታዎች ይከተላሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የዝናብ ውኃ ከሰማይ ሲወርድ ለስላሳ ነው። ከአየርና ይልቁንም ከአፈር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስለሚወስድ ግን ጥቂት የአሲድነት ጠባይ ይይዛል፤ በዚህም የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት ተሸክሞ ይጓዛል። እነዚህ የበዙበት ውኃ ጠጣር ውኃ ይባላል፤ ከባድ ውኃ የሚሉትም አሉ። በአገራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ድሬዳዋ ናት፤ የሳቢያንን ጨምሮ ከተማዋ የምትጠጣባቸው ጉድጓዶች የኖራ ድንጋይ በበዛበት ምድር የተቆፈሩ ናቸው። በመቐለ ዙሪያም የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ፤ በዚያ ላይ ጀሶ ያለበት ዐለት ይጨመራል።

ውኃው በሚፈላበት ጊዜ ጋዙ ይወጣል፤ ጋዙ ሲለየው ካልሲየሙ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ስለማይችል ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማንቆርቆሪያው ላይ የምናየው እርሱ ነው። ከጀሶ የመጣው ድርሻ ግን በማፍላት ብቻ አይወገድም። የውኃ ባለሙያዎች ጠጣርነቱን በሊትር ውስጥ ባለው ሚሊ ግራም ይለካሉ፤ ከ180 በላይ የሆነውን እጅግ ጠጣር ይሉታል። በሊትር 300 ሚሊ ግራም ያለበት ውኃ በአንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ 60 ግራም ያህል የኖራ ማዕድን ይዟል ማለት ነው።

ይህ ማዕድን መርዝ አይደለም። ካልሲየም በወተትም በጤፍም የምናገኘው፣ ለአጥንት የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለውኃ ጠጣርነት ከጤና አንጻር የወሰነው ጣሪያ የለም። የኩላሊት ጠጠር ከብዙ ምክንያት ይመጣል፤ በሙቀት አገር ግን በሚገባ ከሚታወቁት አንዱ ውኃ አሳንሶ መጠጣት ነው። ቅርፊቱን ፈርቶ ውኃ የሚቀንስ ሰው የሸሸውን አደጋ ወደ ራሱ ያቀርባል። ሕመም የሚሰማው ወደ ሐኪም ይሂድ።

ካህናት አባቶቻችን ከዚህ ጋር አጥብቀው እንዲያስተምሩልን የምንሻው ሌላ ነገር አለ። ነጭ ቅርፊት አለመኖሩ ውኃው ደኅና ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ጥርስን የሚያበልዝና ሲበዛም አጥንትን የሚጎዳ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። እንዲህ ያለው ውኃ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ሳሙና በቀላሉ ያረፋበታል፣ ማንቆርቆሪያም አያቆሽሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ የመከረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ማፍላት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ውኃው በትነት ሲያንስ ያከረዋል። በዐይንም በምላስም ስለማይለይ በቤተ ሙከራ ማስመርመር ግድ ነው።

ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ። ጠጣር ውኃ የሚጎዳው ኪስን ነው። ቅርፊቱ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ በማሞቂያው ውስጥ ያለው ዘንግ፣ ባለሙያዎች ሪዚስታንስ የሚሉት፣ ሙቀቱን ለውኃው ማስረከብ አቅቶት ራሱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። የእንፋሎት ካውያ ቀዳዳዎቹ፣ ሻወርም ወንፊቱ ይደፈናል። የቦይለር ቴርሞስታት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባይደረግ ቅርፊቱ በዝግታ ይጋገራል። ሳሙና ደግሞ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ እርጎ መሰል ዝቃጭ ይሠራል፤ ነጭ ልብስ እየታጠበ የሚያመደምደው በዚሁ ነው።

ማንቆርቆሪያን ለማጽዳት ቢላዋ አያስፈልግም። ከሶኬት ነቅሎ፣ አቼቶና ውኃ እኩል ወይም የሁለት ሦስት ሎሚ ጭማቂ በውኃ ጨምሮ፣ ለብ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ከዚያ በደንብ አለቅልቆ አንድ ጊዜ ንጹሕ ውኃ አፍልቶ መድፋት ይገባል። የአሉሚኒየም ዕቃ ከሆነ አሲዱ ብረቱንም ስለሚነካው ብዙ አይቆይበት። አቼቶም ሆነ ሎሚ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣልና። በእብነ በረድ ወለል ላይም አይፍሰስ፤ እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ወገን ስለሆነ ይበላል። የንዋያተ ቅድሳት አጸዳድ የካህናቱ ሥርዓት ስለሆነ በዚያ አንገባም።

የአጥቢያው ውኃ ጠጣር መሆኑን ኮሚቴው ራሱ ሊፈትን ይችላል። በሁለት ጠርሙስ እኩል የዝናብና የቧንቧ ውኃ ቀድቶ፣ በሁለቱም ውስጥ እኩል የተፋቀ ደረቅ ሳሙና ጨምሮ መናጥ ነው። የዱቄት ሳሙና ለዚህ አይሆንም፤ በጠጣር ውኃም ያረፋልና። የቧንቧው ትንሽ አርፍቶ ከደፈረሰ ጠጣር ነው።

ለልብስ ማጠቢያ የሚበጀው በጣሪያችን ላይ የሚወርደው ነው። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 2,000 ሊትር ይወርዳል፤ የሚባክነው ሲቀነስ 1,600 ሊትር ያህል በአሸንዳ ወደ ታንከር ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፤ ታንከሩም ክዳን ይኑረው። ይህ ውኃ ሳይታከም ለመጠጥ አይሁን፤ ለመጠጥ የቧንቧው ይበልጣል።

በጨው የሚሠራ ማለስለሻ መሣሪያ እንግዛ ወይ ለሚሉን ኮሚቴዎች፣ ትልቅ ቦይለር ላለው ክሊኒክ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ካልሆነ በቀር ወጪው አይመከርም እንላለን። መሣሪያው ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ስለሚሰጥ፣ ከተገዛም ወደ ማሞቂያው በሚሄደው መስመር ብቻ ይተከል፤ በተለይ የደም ግፊት ላለባቸው ሲባል የመጠጡ ቧንቧ ሳይለሰልስ ይቅር።