የቋንቋ መምህር ጭንቀት ከየት ይመጣል?

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ባሱንዳ የኢትዮጵያ ድንበር ጎረቤት ናት። እንዲህ ባለ የድንበር አካባቢ ተማሪ በቤቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ በገበያ ዐረብኛ ሊናገር ይችላል፤ በክፍል ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ የማስታረቁ ሸክም የሚያርፈው በቋንቋ መምህሩ ጫንቃ ላይ ነው።

ጭንቀትን ብዙ ጊዜ የግል ድክመት አድርገን እንቆጥረዋለን። ምንጩ ግን በአብዛኛው ሥራው ራሱ ነው።

አንደኛው እርማት ነው። በ4 ክፍሎች 60፣ 60 ተማሪዎችን የምናስተምር ብንሆን፣ አንድ ድርሰት ስናዝ 240 ደብተር እንሰበስባለን። ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብንሰጥ 20 ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛው ከአቅም በላይ የሆነ ኃላፊነት ነው። በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገ፣ ተማሪ በፊዚክስ ሲወድቅ እንኳ የእንግሊዝኛ መምህሩ ይታማል።

ሦስተኛው የተደበቀ ነው፤ ይኸውም በራስ የቋንቋ ችሎታ መጠራጠር። ተመራማሪዋ ኢሌይን ሆርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳመለከቱት፣ አፍ ባልፈቱበት ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራንም እንደ ተማሪ ይፈራሉ፤ የፈራ መምህርም ቋንቋውን በክፍል ከመናገር ይሸሻል።

በመሆኑም በየትምህርት ክፍላችን ተመካክረን፣ በአንድ ድርሰት አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጠን እንረም፤ ቀሪውን ተማሪዎች እርስ በርስ ይተራረሙ። የማናውቀው ቃል ሲያጋጥመን «መዝገበ ቃላት እንይ» ማለትም ነውር አይደለም። ተማሪውም ከዚህ የሚማረው ቁም ነገር አለ።