አትክልት ያለ ስኳር ሲጣፍጥ

በአማርኛ «ጣፈጠ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ማር ይጣፍጣል፤ ጨውና ቅመሙ የተስተካከለ ወጥም ይጣፍጣል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረት ጣፍጥ የሚለው ጨውን ነው። ማጣፈጫ ሲባልም ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው ይታወሰናል እንጂ ስኳር አይደለም። ሆኖም ጥቅል ጎመን ወይም ፎሶሊያ ሲሠሩ ቁንጥር ስኳር ጣል የሚያደርጉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህን አልደግፍም፤ ምክንያቴም ከአትክልቱ ከራሱ ይነሣል።

አትክልቱ ስኳሩን ይዞ ነው ድስት የሚገባው። 100 ግራም ጥሬ ካሮት ወደ 5 ግራም፣ ቀይ ስር ወደ 7፣ ሽንኩርት ወደ 4፣ ጥቅል ጎመን 3 ግራም ያህል ስኳር አላቸው። ጥሬ ሽንኩርት ጣፋጭ የማይመስለን የሚያቃጥለው የድኝ ውህድ ስለሚሸፍንበት ነው። እሳት ሲያገኘው ማቃጠሉ ይበርዳል፣ ጣፋጩ ብቅ ይላል። ዶሮ ወጥ ላይ ሽንኩርቱ ለረጅም ሰዓት ቢቁላላ በርበሬው አለለት፤ ጣፋጩን ይቋቋምለታል። አትክልት አልጫ ግን በርበሬ የለውም። ስለዚህ የወጥ ቁሌት ልማዳችንን እንዳለ ወደ አትክልቱ ስናመጣው፣ ስኳር ሳንጨምር እንኳ ድስቱ ወደ ጣፋጭነት ያደላል። ለአትክልት ሽንኩርቱ ጠውልጎ ከለሰለሰ በቂ ነው፤ ቡናማ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሌላው ችግር የካሮቱ ብዛት ነው። ፎሶሊያ ስሙ እንደሚለው ፎሶሊያው ሊበዛበት ይገባል፤ በብዙ ቤት ግን ካሮቱ ግማሹን ድስት ይይዛል። ጥቅል ጎመን ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ካሮትና ድንች ለመብሰል ይዘገያሉ። ሁሉም አንድ ላይ ከገባ ካሮቱ እስኪለሰልስ ጎመኑ ይልፈሰፈሳል፣ የድኝ ሽታም ያመጣል። ያን ሽታ ለመሸፈን ነው ብዙ ጊዜ ስኳር የሚፈለገው። ካሮቱና ድንቹ ቀድመው፣ ጥቅል ጎመኑ ኋላ ቢገባ ሽታውም አይኖር፣ ስኳሩም አያስፈልግ። እርድ ከዘይቱ ጋር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መካከል ላይ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ ድስቱ ሊወጣ ሲል ይገባሉ።

የሐበሻ ጎመን ነገር ይለያል፤ የእሱ ጠባይ መምረር ነው። ምሬትን የሚያለዝበው ግን ስኳር ብቻ አይደለም፤ ጨው ምሬትን ከምላስ ላይ ይጋርዳል፣ የጎመኑንም የራሱን ጣዕም ያወጣዋል። ቀይ ስር በተቃራኒው ጣፋጩ የበዛበት ነውና ከነልጣጩ ተቀቅሎ ሲላጥና ሲከተፍ ሎሚ ወይም አቼቶ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ቃሪያ ይፈልጋል። የአፈር አፈር የሚለውን ጠረኑንም ኮምጣጣው ይቀንስለታል።

ይህን ሁሉ የምለው አትክልቱ ብቻውን ስለማይበላ ነው። በየዓይነቱ ላይ ምስር ወጡና ሽሮው በበርበሬ ሲያቃጥሉ ምላስ የሚያርፈው በጎመኑና በአልጫው ነው። ከሥራቸው ያለው እንጀራ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ጣፋጭ ከቀመስን በኋላ ኮምጣጣው ይብስብናል፤ ስኳር የገባበት አትክልት ደህናውን እንጀራ የሆመጠጠ ያስመስለዋል።

እንግዲህ ድስቱን ቀምሰው «አንድ ነገር ጎድሎታል» ሲሉ እጅዎ ወደ ስኳሩ ዕቃ ከመሄዱ በፊት ቁንጥር ጨው ይጨምሩ። አሁንም ከጎደለው ጥቂት ጠብታ ሎሚ ጠብ አድርገው እንደገና ይቅመሱት።