በሁለት የልብ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ምን ይነግረናል?

የአንድ ሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል ስንል፣ በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሁልጊዜ እኩል ነው ማለታችን አይደለም። ጤነኛ ልብ በእረፍት ጊዜ እንኳ ይህ ጊዜ ያጥራል፣ ይረዝማል። ይህም የልብ ምት ተለዋዋጭነት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ገጥሟቸው የተረፉ 808 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በ24 ሰዓት ምዝገባ የምታቸው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች የነበረው ሕሙማን፣ ከ100 በላይ ከነበረው ይልቅ ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው 5.3 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻውን ሁሉን አይናገርም። በሚሊ ሰከንድ የተለኩ ሁለት ተርታዎችን እንመልከት።

ሀ) 800፣ 900፣ 800፣ 900፣ 800፣ 900
ለ) 800፣ 800፣ 800፣ 900፣ 900፣ 900

የሁለቱም አማካይ 850 ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውም እኩል ነው። የተለየው ቅደም ተከተላቸው ነው። ስለዚህ የተከታታይ ጊዜያትን ልዩነት ወስደን፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን፣ የአማካዩን ስኩዌር ሩት እናሰላለን። ለ«ሀ» 100፣ ለ«ለ» 45 ገደማ እናገኛለን። ልብን የሚያዘገየው የቬገስ ነርቭ ከምት ወደ ምት በፍጥነት ስለሚሠራ፣ ይህ መለኪያ በተለይ የእርሱን ተጽዕኖ ያሳያል።

ሁለተኛው መንገድ የፎሪየር ትንተና ነው። ብርሃን በፕሪዝም ወደ ቀለማት እንደሚከፈል ሁሉ፣ የምቱ መለዋወጥም በድግግሞሽ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ከ0.04 እስከ 0.15 ኸርዝ ያለው ዝቅተኛ፣ ከ0.15 እስከ 0.4 ያለው ደግሞ ከፍተኛ ክልል ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹ 0.25 ኸርዝ ስለሆነ በከፍተኛው ክልል ይታያል። ትንፋሹን ወደ 6 ቢቀንስ ግን 0.1 ኸርዝ ሆኖ ወደ ዝቅተኛው ይሻገራል። ትንፋሹን ያልመዘገበ ተመራማሪ ይህን ለውጥ የነርቭ ሕመም ምልክት አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል።

በመሆኑም የ5 ደቂቃን ውጤት ከ24 ሰዓት ውጤት ጋር አናነጻጽርም፤ ያለቦታቸው የመጡ ምቶችንም ሳናጣራ ስሌት አንጀምርም። ዛሬ የእጅ ሰዓት ሳይቀር ይህን ቁጥር ይሰጠናል። ቁጥሩን ከማመናችን በፊት ግን በየትኛው ዘዴ፣ በምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ እንደተለካ እንጠይቅ።