ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ፤ ኑሮን ማዛወር ምን ይጠይቃል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አርባ ምንጭ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የምትታወቀው በሙዟ፣ በዓሣዋና በጫሞ ሐይቅ አዞዎቿ ነው። ለጉብኝት የሄደ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ዓሣውን ተመግቦና በጀልባ ተንሸራሽሮ ይመለሳል። ወደ ከተማዋ የሚያቀናው ሁሉ ግን ጎብኚ አይደለም። ተመድቦ የሚሄድ መምህርና የጤና ባለሙያ፣ በመዲናዋ የቤት ኪራይ የተማረረ ቤተሰብ፣ ዘመኑን በሽሮ ሜዳ በሽመና አሳልፎ ወደ ትውልድ ቀዬው መመለስ የሚያስብ የጋሞ ተወላጅ ጓዙን ጠቅልሎ ለመሄድ ያቅዳል። ለእነዚህ ሰዎች ከሐይቆቹ ውበት ይልቅ የሚያስፈልጋቸው መረጃ ሌላ ነው።

በአገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 74 ሺህ 879 ነዋሪዎች ነበሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከተሞች በእጅጉ አድገዋል። ሆኖም በመካከላቸው ያለው የስፋት ልዩነት አሁንም የሚነጻጸር አይደለም። በአዲስ አበባ ወደ ሥራ ለመድረስ በሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ የሚባክነው ጊዜ በአርባ ምንጭ የለም ማለት ይቻላል። ባለሦስት እግር ባጃጅ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር በደቂቃዎች ውስጥ ያዳርሳል። በአንጻሩ በመዲናዋ በየሠፈሩ የሚገኝ የሕክምና ምርመራ፣ የመኪና መለዋወጫ ወይም ልዩ ባለሙያ በአርባ ምንጭ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ሲያጋጥም ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ግድ ይሆናል። በአውቶቡስ የሚደረገው ጉዞ ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ይፈጃል።

አርባ ምንጭ ራሷ የዝውውር ውጤት መሆኗ ብዙ ጊዜ አይነሳም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ በተራራው ላይ የምትገኘው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም አስተዳደሩ ወደ ቆላው ወርዶ አዲሲቱ ከተማ ተቆረቆረች። እስከዚያ ድረስ ደገኛው ሕዝብ ከሐይቆቹ ዳር ያለውን ለም መሬት ያልሰፈረበት ዋነኛ ምክንያት ወባ ነበር። ይህ ታሪክ ዛሬም ትርጉም አለው፤ ከደጋ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው የሚጠብቀው ጥያቄ ያኔ ከነበረው ብዙም አይለይም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አርባ ምንጭ ግን በ1 ሺህ 285 ሜትር አካባቢ ናት። በኢትዮጵያ የወባ ሥርጭት በአብዛኛው የሚታየው ከ2 ሺህ ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች በመሆኑ፣ በመዲናዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ለበሽታው የተለማመደ የሰውነት መከላከያ የለውም። ስለዚህ በቆላ ያደገው ጎረቤቱ በቀላሉ የሚቋቋመው ሕመም እርሱን በቀናት ውስጥ ለከፋ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክም አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ እ.ኤ.አ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከ1 ሺህ 100 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸው አልፏል።

በመሆኑም ከሶፋና ከቴሌቪዥን አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ዕቃ አጎበር ነው። አጎበሩን መግዛት ወይም ከጤና ኬላ መቀበል ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀቱ ሲበረታ አውልቆ መተኛት በአዲስ ነዋሪዎች ዘንድ የተለመደ ስህተት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት የተሰማው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ሳይዘናጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ሊመረመር ይገባል። የወባ ዓይነቱ ሳይለይ ከመድኃኒት መደብር ክኒን ገዝቶ መዋጥም አደገኛ ነው፤ በአገሪቱ በብዛት የሚታዩት ሁለት የወባ ዓይነቶች ሕክምናቸው ይለያያል። ቀድሞ የወባ ትንኝ የምትራባው በረግረግና በኩሬ ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ግን በከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ውኃ ማጠራቀም የለመደ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዕቃውን መክደን ያለበት ከአቧራ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም።

ከተማዋ ሁለት ክፍሎች አሏት። ሲቀላ ከታች በሜዳው ላይ፣ ሴቻ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ከፍ ባለው ሥፍራ ላይ ይገኛሉ። ገበያውና የንግዱ እንቅስቃሴ በሲቀላ ሲያመዝን፣ ብዙዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሴቻ ናቸው። ከሴቻ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ቀላ ያለው አባያና ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለው ተራራማ መሬት በአንድ ዓይን ይታያሉ። ከታች ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ። የከተማዋ የመጠጥ ውኃም ከእነዚሁ ምንጮች የሚገኝ ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ሠፈሮች በቀትርና በምሽት ሊያያቸው ይገባል። ሴቻ ነፋሻማ በመሆኗ ሌሊቱ ቀለል ይላል። ሲቀላ ግን ከገበያው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያውና ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የምትቀርብ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚያልፍ፣ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቤት በርካሽ ቢገኝም የሚያዋጣ አይሆንም።

የቆላውን ሙቀት ያልፈለገ፣ ነገር ግን ከመዲናዋ መራቅ የወሰነ ሰው ወደ ላይ ማየት ይችላል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከፍታዋ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ነው። ማለትም በዚያች አጭርና ጠመዝማዛ መንገድ ከ1 ሺህ 400 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ሙዝ ከሚታጨድበት ሜዳ ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ እንሰት፣ ገብስ፣ ድንችና አፕል ወዳለበት ጉም የሸፈነው ደጋ መድረስ በኢትዮጵያም ቢሆን በብዙ ቦታ የሚገኝ ዕድል አይደለም። አፕሉ በሚሲዮናውያንና በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አማካይነት ወደ አካባቢው ገብቶ፣ ከጊዜ በኋላ የጨንቻ ችግኝ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ደጋዎች ተሠራጭቷል። ጨንቻ ከአዲስ አበባም የምትቀዘቅዝ ከተማ ናት። ወባን የሚፈራ ቤተሰብ እዚያ እፎይ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ዝናቡ፣ የመንገዱ አስቸጋሪነትና የአገልግሎቱ ማነስ አብረው ይመጣሉ።

ተራራማ መሬት ላይ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሌላም ነገር ልብ ሊል ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በአጎራባቹ ጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። ደኑ የተመናመነ፣ ቀጥ ያለ ተዳፋት ግርጌ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር ለመኖሪያ አይመከርም። በከተማ ዳርቻ ያለ የእርሻ መሬትን ከአርሶ አደር በመንደር ውል መግዛትም ሌላው ወጥመድ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ፣ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ቤቱን ሠርቶ ከገባ በኋላም ባለይዞታ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ተከራይቶ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ማሳለፍ የተሻለ ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውል ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። የአዋጁ ተፈጻሚነት በክልል ከተሞች በየክልሉ የሚወሰን በመሆኑ ተከራዩ ጉዳዩን ከቀበሌው ማጣራት ይኖርበታል። ለነዋሪነት ምዝገባም ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ መያዝ ያስፈልጋል። የፋይዳ ቁጥር በመላ አገሪቱ አንድ ስለሆነ አይለወጥም፤ የመሸኛው ወረቀት ግን አዲስ አበባ ሳይለቁ ካልተያዘ ለእርሱ ብቻ ተብሎ ሌላ ጉዞ ሊጠይቅ ይችላል።

የኑሮ ወጪን በተመለከተ በተለምዶ የሚባለው «ገጠር ርካሽ ነው» ግማሽ እውነት ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ዓሣና ሽፈራው በአርባ ምንጭ በደጅ የሚገኙ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ የሚመጣው የፋብሪካ ዕቃና የግንባታ ቁሳቁስ ግን የመንገዱን ኪራይ ጨምሮ ይሸጣል። ጤፍ ብቻ የለመደ ቤተሰብ በወጪው ብዙም ለውጥ አያይም። ቆጮን፣ የበቆሎና የሽፈራው ቅጠል ድብልቅ የሆነውን ቁርቁፋን፣ ከቆጮ ጋር የሚቀርበውን ዳጣ የለመደ ግን ልዩነቱን በወር መጨረሻ ያየዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የሥራ ጉዳይ ነው። በከተማዋ ትልቁ የዕውቀት ተቋም በ1979 ዓ.ም በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም ያደገው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹና ሠራተኞቹ የከተማዋን የቤት ኪራይ፣ የምግብ ቤትና የትራንስፖርት ገበያ ያንቀሳቅሳሉ። አርባ ምንጭ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎች ከተከፋፈሉባቸው ማዕከላት አንዷ መሆኗም የመንግሥት ሠራተኛውን ቁጥር ጨምሯል። ከዚህ ውጪ ቱሪዝም፣ የፍራፍሬ ንግድና ዓሣ ማስገር አሉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወደ ክልል መዛወር የራሱ ሥርዓትና ክፍት የሥራ መደብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሥራውን ለቆ ከሄደ በኋላ መፈለግ አይመከርም።

የሸማኔው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። የጋሞ ደጋ ሕዝብ የሰፈረበት መሬት ጠባብ በመሆኑ፣ በተለይ በባህሉ የበኩር ልጅ «ባይራ» ተብሎ ቅድሚያ ስለሚያገኝ፣ ታናናሾቹ ከጥንት ጀምሮ እጃቸውን ተማምነው ተሰደዋል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የሸማ መንደር የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። በዚሁ መንገድ ለጋ ሕፃናት በዘመድ ስም እየተወሰዱ ከትምህርት ገበታ ርቀው በመወርወሪያ ላይ የዋሉበት ጊዜ ረጅም መሆኑም መሸሸግ የለበትም። አሁን ወደ ዶርዜና ጨንቻ መመለስ የሚሻ ሸማኔ ቤትና እንሰት ያገኝ ይሆናል፤ ገበያው ግን አዲስ አበባ ቀርቷል። ድርና ማጉን ከዚያ ገዝቶ፣ ጋቢና ነጠላውን መልሶ ወደዚያ መላክ ይጠበቅበታል። በሽሮ ሜዳ ደንበኛውን የሚያስተናግድለት ዘመድ ያለው ሰው መመለሱ ሊያዋጣው ይችላል። ይህ የሌለው በአካባቢው ለቱሪስት በሚሸጠው ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር ይከብደዋል።

አንዳንዶች ደግሞ የተመለሱት ወደው አልነበረም። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋልም። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ በቁጣ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መሬት ላይ ተንበርክከው አስቁመዋቸዋል። በጋሞ ባህል አባት ሣር ይዞ ሲለምን መርገጥ «ጎሜ» ማለትም ነውርና መቅሠፍት የሚያስከትል ነው። ወደ አርባ ምንጭ የሚዛወር ሰው የሚገባበት ኅብረተሰብ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። ግጭት ሲነሳ ጉዳዩ በ«ዱቡሻ» የሽምግልና አደባባይ መታየቱም የቀረ ልማድ አይደለም።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ አዲስ ነዋሪ በቢሮም ሆነ በገበያ አይቸገርም። ጋሞኛ ግን በላቲን ፊደል የሚጻፍና በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ነው። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት በየክፍል ደረጃው የትምህርቱ ቋንቋ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። የእድር ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ለዓመታት የተከፈለበት እድር አርባ ምንጭ ድረስ አይከተልም። አዲሱም እድር ቢሆን የመግቢያ ክፍያና የመቆያ ጊዜ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በገቡ በመጀመሪያው ወር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ጊዜውን በተመለከተ ለቤተሰብ የሚመቸው ሰኔ ወይም ሐምሌ ነው። ትምህርት ተዘግቶ ውጤት ወጥቷል፣ የልጆችም መሸኛ በእጅ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ወራት ወባ የሚበረታባቸው በመሆናቸው፣ አጎበሩ እስከዚያ ድረስ በየአልጋው ላይ ተሰቅሎ ሊቆይ ይገባል።