«አንዲት ነገር ብቻ…»፦ መርማሪው ኮሎምቦና ተዋናዩ ፒተር ፋልክ

የወንጀል ምርመራ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ሰው ይሞታል፤ ገዳዩ ይሰወራል፤ ተመልካቹም «ይህኛው ይሆን? ወይስ ያኛው?» እያለ እስከ መጨረሻው ሲገምት ያመሻል። «ኮሎምቦ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ግን ይህን ገለበጠው። ገና ሲጀመር ገዳዩን፣ የገደለበትን መንገድና ማስረጃውን የደበቀበትን ብልሃት በግልጽ ያሳየናል። እኛ ሁሉን አውቀን እንቀመጣለን፤ የማያውቀው መርማሪው ብቻ ነው። ቢያንስ ለገዳዩ እንደዚያ ይመስለዋል።

ይህ ፊልም በተከታታይ መታየት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዋናው ተዋናይ ፒተር ፋልክም ዛሬ በሕይወት የለም። ሆኖም አድናቂዎቹ እስካሁን አንድ በአንድ እያነሱ ይከራከሩበታል። ለመሆኑ የሚከራከሩት በምንድን ነው? ሰውየውስ ማን ነበር? ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ጓደኛሞች የፈጠሩት ሰው

ኮሎምቦን የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የተባሉ ሁለት ደራሲዎች ናቸው። ፊላደልፊያ ውስጥ ገና ተማሪዎች ሳሉ ተዋውቀው፣ ከዚያ ጀምሮ አብረው ሲጽፉ የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። መርማሪያቸውን ሲቀርጹ ካሰቧቸው ሰዎች አንዱ፣ የሩሲያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠው ፖርፊሪ ፔትሮቪች ነው። እሱም ቢሆን ተጠርጣሪውን በወሬና በጨዋታ ቀስ እያለ የሚያጠምድ መርማሪ ነበር።

መቶ አለቃ ኮሎምቦ መጀመሪያ በቴሌቪዥን የታየው በ1960 ሲሆን፣ የተጫወተው በርት ፍሪድ የተባለ ተዋናይ ነበር። በ1962 ደግሞ ቶማስ ሚቸል በቲያትር መድረክ ተጫወተው። በ1968 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ፊልም ሲዘጋጅ፣ ቦታው ለታዋቂው ዘፋኝ ቢንግ ክሮስቢ ቀርቦለት እሱ አልተቀበለውም። በመጨረሻ ዕድሉ ለፒተር ፋልክ ደረሰ። የተከታታይ ፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል በመስከረም ወር 1971 ተላለፈ። ያንን ክፍል ያዘጋጀው ገና 24 ዓመቱ የነበረ አንድ ወጣት ነው፤ ስሙም ስቲቨን ስፒልበርግ ይባላል።

ፊልሙ እስከ 1978 ድረስ በኤንቢሲ ጣቢያ ታየ። ከአሥር ዓመት ገደማ ዕረፍት በኋላ በ1989 በኤቢሲ ጣቢያ ተመልሶ መጣና እስከ 2003 ቀጠለ። በጠቅላላው 69 ክፍሎች ተሠርተዋል።

ካፖርቱ፣ መኪናውና ጥያቄው

ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነው። ሲያዩት ግን መርማሪ አይመስልም። የተጨማደደ ካፖርት ለብሶ፣ ግማሽ የተጨሰ ሲጋር ይዞ፣ ፔጆ 403 የምትባል ያረጀች መኪና እየነዳ ይመጣል። ሽጉጥ አይታጠቅም። አንድ ሰነፍ ውሻ አለው፤ ስም ስላላወጣለት «ውሻ» ብሎ ነው የሚጠራው። ማስታወሻ ደብተሩን ያወጣና እርሳስ ያጣል፤ እርሳሱንም ከተጠርጣሪው ይለምናል። ካፖርቱ የፊልም ሠሪዎቹ ሳይሆን የፋልክ የራሱ ነበር፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ዝናብ ይዞት የገዛው ነው።

ገዳዮቹ ደግሞ አብዛኞቹ ሀብታሞችና የተማሩ ናቸው፦ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ደራሲ፣ የሙዚቃ ቡድን መሪ፣ የቼዝ ሻምፒዮና። ሁሉም ይህን የተጎሳቆለ ሰው ሲያዩ ይንቁታል። ስለሚንቁትም አይጠነቀቁም፤ ስለማይጠነቀቁም ብዙ ያወራሉ። እሱ ራሱን እያከከ፣ ስለ ሚስቱ እያወራ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ይሰማቸዋል። ደህና ዋሉ ብሎ ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ይቆምና ዘወር ይላል፦ «አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ…»። ገዳዩን የሚያስደነግጠው ጥያቄ ያን ጊዜ ይመጣል።

የዚህችን አነጋገር አጀማመር ዊልያም ሊንክ ሲናገር፣ ነገሩ በስንፍና የመጣ ነው ይላል። ቲያትሩን ሲጽፉ አንድ ትዕይንት አጠረባቸው፤ መርማሪውም ከክፍሉ ወጥቷል። ያ ዘመን የታይፕ ዘመን ስለነበር ገጹን እንደገና መምታት ሰለቻቸውና ሰውየው ተመልሶ አንድ ጥያቄ እንዲጨምር አደረጉት። ዓለም ያወቀው የኮሎምቦ መለያ እንዲህ ተወለደ።

የወይን ጠጅ ነጋዴው ታሪክ

የኮሎምቦን አሠራር ለመረዳት ብዙ አድናቂዎች ከሁሉ የሚያስበልጡትን አንድ ክፍል ማየት ይበቃል። በ1973 የታየ ሲሆን፣ ገዳዩን የተጫወተው እንግሊዛዊው ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ ለወይን ጠጅ የሰጠ ነው። ወንድሙ (በአባት እንጂ በእናት አንድ አይደሉም) ርስቱን ሊሸጥበት ሲነሳ ተናዶ ይመታዋል። ከዚያም አስሮ በወይን ማከማቻው ውስጥ ይዘጋበትና፣ አየር እንዳያገኝ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ወደ ኒው ዮርክ ይጓዛል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲመለስ አስከሬኑን ወደ ባሕር ወስዶ፣ በዋና ላይ ሳለ የሞተ ያስመስላል።

ኮሎምቦ ከትንሽ ነገር ይጀምራል። የሟች መኪና ባሕሩ ዳር ስንት ቀን ቆሟል ተብሏል፤ በመሃሉ ዝናብ ዘንቧል፤ መኪናው ላይ ግን የዝናብ ምልክት የለም። ለምን? መርማሪው ስለ ወይን ጠጅ ምንም አያውቅም ነበርና ቁጭ ብሎ ይማራል። ነጋዴውም ደስ ብሎት ያስተምረዋል። በመጨረሻም ኮሎምቦ ሰውየውን እራት ይጋብዘዋል። ግሩም የተባለ ወይን ይቀርባል፤ ነጋዴው አንድ ጊዜ ቀምሶ «ይህ በሙቀት ተበላሽቷል!» ብሎ ይቆጣል። ያ ጠርሙስ የመጣው ግን ከራሱ ማከማቻ ነው። ማከማቻው እንደዚያ ሊሞቅ የሚችለው ማቀዝቀዣው ከጠፋ ብቻ ነው። ማንም ተራ ሰው ቢቀምሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ሰውየውን የጣለው ሲኮራበት የኖረው ምላሱ ነው።

ታሪኩ በካቴና አያልቅም። ኮሎምቦ እስረኛውን በአሮጌ መኪናው ሲወስደው በመንገድ ላይ ቆሞ ጥሩ የወይን ጠጅ ያወጣና ሁለቱ አብረው ይጠጣሉ። ወንጀሉን ይጠላል፤ የሰውየውን ሙያ ግን ያከብራል። አድናቂዎች ኮሎምቦን የሚወዱት ብልህ ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

አድናቂዎቹ የማይስማሙባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ክርክር ስሙ ነው። ኮሎምቦ የመጠሪያ ስሙን ማን ብሎም ነግሮ አያውቅም። ሆኖም በ1971 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ መታወቂያውን ሲያሳይ ፊልሙን አቁሞ ያነበበ ሰው «ፍራንክ» የሚል ያገኛል። በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ደርሷል። ፍሬድ ዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ማን እንደሚገለብጥበት ለማወቅ «የኮሎምቦ ስም ፊልጶስ ነው» ብሎ ሆን ብሎ ሐሰት አስገባ። «ትሪቪያል ፐርሱት» የተባለው የጨዋታ ካርድም ያንኑ ይዞ ወጣ። ዎርዝ በ1984 ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን መረጃ የማንም የግል ንብረት አይደለም በሚል ምክንያት አሸናፊ አላደረገውም።

ሁለተኛው ክርክር ሚስቱ ናት። ኮሎምቦ ያለ እሷ ወሬ የለውም፤ እኛ ግን አንድም ቀን አላየናትም። በአንድ ክፍል አብረው በመርከብ ሽርሽር ሲሄዱ እንኳ ፊቷ አይታይም። አንዳንዶች «ተጠርጣሪውን ለማዘናጋት የፈጠራት ናት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የለችም ማለት የፊልሙን ልብ ማውጣት ነው» ብለው ይቆጣሉ። በ1979 «ሚስስ ኮሎምቦ» የሚል ሌላ ተከታታይ ፊልም ተሠርቶ ነበር፤ ሁለቱ ደራሲዎች አልወደዱትም፤ አድናቂዎቹም አልተቀበሉትም፤ 13 ክፍል ብቻ ታይቶ ቀረ።

ሦስተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው፦ የኮሎምቦ ማስረጃ በእውነተኛ ፍርድ ቤት ያስፈርዳል ወይ? ብዙ ጊዜ ገዳዩን የሚይዘው ወጥመድ ዘርግቶ ነው። ለምሳሌ በ1971 በታየ አንድ ክፍል ገዳዩ የግል መርማሪዎች ድርጅት ባለቤት ነው። ኮሎምቦ የሟቿ የዐይን ሌንስ መኪናው ውስጥ ወድቆ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሳስበዋል። ከዚያ መኪናው ይበላሽና ጋራዥ ይገባል። ሰውየው በሌሊት ሄዶ የመኪናውን ኋላ ሲፈትሽ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። የጠፋ ሌንስ ግን አልነበረም። መኪናው የተበላሸበትንም ምክንያት ኮሎምቦ በዘዴ ይጠቁማል፤ ልጅ ሳለ በመኪና የጭስ ማውጫ ውስጥ ድንች ይወትፍ ነበርና! ሕግ የሚያውቁ አድናቂዎች «ጥሩ ጠበቃ ያለው ሰው ነፃ ይወጣል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የፊልሙ ፍርድ ያለው ከፍርድ ቤቱ ሳይሆን ገዳዩ መሸነፉን ከሚያውቅበት ቅጽበት ላይ ነው ብለው ይመልሳሉ።

ከዚህም ሌላ ኮሎምቦ ገዳዩን የሚያውቀው መቼ ነው የሚለው አለ። በስፒልበርግ ክፍል አንድ ደራሲ ጓደኛውን ይገድላል። የወዳጁ መጥፋት ሲነገረው ከሳን ዲዬጎ በአውሮፕላን መብረር ሲችል መኪና እየነዳ ይመጣል። ሬሳውን ካገኘ በኋላም ደብዳቤዎቹን ከፍቶ ያነባል። ያዘነ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ኮሎምቦ የሚያየው ደም ያለበትን ቢላዋ ሳይሆን ከሐዘን ጋር የማይሄደውን ትንሽ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ፒተር ፋልክ ማን ነበር?

ፋልክ በመስከረም 1927 ኒው ዮርክ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ሥር ከምሥራቅ አውሮፓ ነው። በ3 ዓመቱ ዐይኑ ውስጥ ካንሰር ተገኝቶ ቀኝ ዐይኑን በቀዶ ሕክምና አጣና ዕድሜውን ሙሉ በሰው ሠራሽ ዐይን ኖረ። ኮሎምቦ ሰውን ሲያይ የሚያጠብባት ዐይን ምስጢር ይህች ናት። ፋልክ ራሱ ሲያወራ፣ ተማሪ ሳለ በቤዝቦል ጨዋታ ላይ ዳኛው ያለ አግባብ ሲያስወጣው ሰው ሠራሽ ዐይኑን አውጥቶ «እንካ፣ በዚህች እይበት» ብሎ ሰጥቶታል።

በዐይኑ ምክንያት የጦር ሠራዊት ስላልተቀበለው በንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሠራ። በኋላም ለእስራኤል ለመዋጋት ተመዝግቦ፣ የሚሄድበት መርከብ ሁሉ ተመድቦለት እንደነበር ተናግሯል። ጦርነቱ ግን ቶሎ አለቀ። ያነሳሳውም ትልቅ ዓላማ ሳይሆን የወጣትነት ጀብዱ ፍለጋ እንደነበር አልደበቀም። ከዚያ በመንግሥት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በኮነቲከት የበጀት ቢሮ ተቀጠረ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ሥራውን ትቶ ተዋናይ ሆነ። ትልቅ ስም ያለው የፊልም ኩባንያ ኃላፊ «በዚሁ ዋጋ ሁለት ዐይን ያለው አገኛለሁ» ብሎ እንደመለሰውም ይነገራል። ሆኖም በ1960 እና በ1961 በሠራቸው ፊልሞች በተከታታይ ለኦስካር ታጨ። በቴሌቪዥን ከተሸለማቸው አምስት የኤሚ ሽልማቶች አራቱ በኮሎምቦ የተገኙ ናቸው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በአንዲት ትንሽ ነገር እንኳ የማይረሳውን መርማሪ የተጫወተው ሰው በመጨረሻ የመርሳት በሽታ ያዘው። አንድ ሐኪም በፍርድ ቤት ሲመሰክር፣ ፋልክ ኮሎምቦን ራሱን እስከ አለማስታወስ ደርሶ እንደነበር ተናግሯል። ማን ይንከባከበው በሚለው ላይ ቤተሰቡ ሳይስማማ ቀርቶ ጉዳዩ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2009 ሞግዚትነቱ ለባለቤቱ ተሰጠ። በሰኔ 2011 በ83 ዓመቱ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ልጁ፣ ሞግዚት የተሾመለት ሰው ቤተሰቦቹ እንዲጠይቁት፣ ሲታመምና ሲሞትም እንዲነገራቸው የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ስትሟገት ቆየች። ኒው ዮርክን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሕግ አወጡ፤ ብዙ ሰዎችም «የፒተር ፋልክ ሕግ» ይሉታል። ይህ ለተዋናይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። ሰው አእምሮው ደህና ሳለ፣ ቢታመም ማን እንዲወስንለት፣ እነማንስ እንዲጠይቁት እንደሚፈልግ ለቤተሰቡ ተናግሮ በጽሑፍ ቢያኖር፣ ልጆቹን ከፍርድ ቤት ደጅ ሊያድናቸው ይችላል።

በ2014 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት የኮሎምቦ ሐውልት ቆመ። ጄኔራልም ንጉሥም አይደለም፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ራሱን እያከከ፣ እግሩ ሥር ያለ ውሻውን የሚያይ ሰው ነው። መንገደኛ ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሊሄድ ዘወር ሲል፣ «አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ» የሚለው ይመስላል።